ገንዳው የፈረሰ ዕለት

ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ልብስ ነው፤ ጫማ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው። ለመነጽር ሠሪዋ ግን ባሏ ትቶላት የሄደው የሚተነፍስ ነገር ነበር። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ የያዘ የመስታወት ገንዳ፣ በገንዳው ውስጥ የጨው ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አበባ የሚመስሉ፣ ግን አበባ ያልሆኑ፣ ነፍስ ያላቸው ኮራሎች፣ በእነሱም መካከል ዓሦች። ልብስ ቢሆን ታጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል። ይሄ ግን መብራት ይፈልጋል፤ ሙቀት ይፈልጋል፤ ችላ ካሉት ይሞታል። ለሁለተኛ ጊዜ መሞት ማለት ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የበሩ ደወል ሲጮህ ገንዳው እየሞተ ነበር።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ደጃፉ ላይ የባሏ የልብ ጓደኛ ቆሟል። ከባሏ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮት ባሕር ሲጠልቅ የኖረ፣ አሁንም በሩቅ የባሕር ዳርቻ ከተማ በጠላቂነት የሚሠራ ሰው ነው። ባሏ "ጭምቱ" ነበር የሚለው። "ይሄ ሰውዬ ውሃ ውስጥ በእጁ የሚያወራውን ያህል መሬት ላይ በአፉ አያወራም" እያለ ይስቅበት ነበር። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ረግጦ አያውቅም። ዛሬ በአንድ እጁ ትልቅ ሳጥን፣ በሌላው የተጠቀለለ የላስቲክ ቱቦ ይዟል። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ጸጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል።

"ደህና ነሽ?" አላት።

"ደህና ነኝ። ግባ።"

በቃ፤ ይኸው ነው። ዓመታት በስልክ ሲጻጻፉ የኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ከአፋቸው የወጣው ይህችው ብቻ ሆነች።

ነገሩ የተጀመረው በጨው ነበር። ባሏ በሞተ ሰሞን ውሃው ደፈረሰባት። የሚያማክራት ሰው ብታጣ፣ "ጨው ምን ያህል ላድርግ?" ብላ ለጠላቂው ጻፈችለት። መለሰላት። በሌላ ቀን ስለ ሙቀቱ ጠየቀችው፤ መለሰላት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከጨው ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው "ጠፋብኝ" እያሉ ወደሚመጡት ደንበኞቿ፣ ከደንበኞቿ ደግሞ ወደ እሱ ባሕር ተሻገሩ። አንድ ቀን ሳትጠይቀው፣ "ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ብታዪው ጥሩ ነበር" የሚል መልእክት ላከላት። ስልኩን ደረቷ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱም ደፍረው ያልተነፈሱት ነገር በመካከላቸው ኖረ።

ያልተነፈሱትም ያለ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከገንዳው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

የባሏ እናት ከቀብሩ በኋላ "ለጥቂት ቀን" ብለው መጥተው በዚያው ቀሩ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ወንበራቸውን ከገንዳው ጥግ አስጠግተው ከዓሦቹ ጋር ሲያወጉ ይውላሉ። ጠላቂውን በቀብሩ ዕለት፣ በሰው መሃል፣ "ሁለት ሆናችሁ ባሕር ወርዳችሁ ለምን አንተ ብቻህን ተረፍክ?" ብለው ጠይቀውት ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስሙ እዚያ ቤት አይነሳም። ዛሬ እንዲመጣ የፈቀዱትም ልጃቸው ይወዳቸው የነበሩት ሁለት ዓሦች፣ ነጭ መቀነት የታጠቁት ብርቱካንማዎቹ፣ ምግብ እምቢ ስላሉ ብቻ ነው።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ?" አለ ጠላቂው እጅ ነስቶ።

እናትየው ዓይናቸውን ከገንዳው አልነቀሉም። "ዓሦቹን እያቸው" አሉ። "እኔን ልታይ አልመጣህ።"

ጠላቂው ከመስታወቱ ፊት ጎንበስ አለ። ድንጋዮቹ ሁሉ ከብርጭቆ የተሠሩ በሚመስሉ ጥቃቅን፣ ባለ ብዙ ጣት አበቦች ተወርረዋል። ላያቸው ያምራሉ፤ ግን ተናዳፊዎች ናቸው። አጠገባቸው ያለውን ኮራል እየለበለቡ ቦታውን ይወርሱታል። መነጽር ሠሪዋ የመጀመሪያዋን ያየች ቀን አዲስ ነገር የበቀለላት መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ነገሩ ሲገባት በመቀስ ቆረጠቻት፤ ከቁርጥራጯ መዓት ሆና በቀለች። ከታች ደግሞ ዝገት የመሰለ ጥቃቅን ቀይ ትል አሸዋውን አልብሶታል።

ጠላቂው የእጅ ባትሪውን አብርቶ ጥግ ጥጉን ቃኘ። ከእናትየው ወንበር አጠገብ ባለው ጥግ ላይ ዓይኑ ቆየ። ቀና ብሎ እናትየውን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

"ከምን መጣ ይሄ ሁሉ ጉድ?" አሉ እናትየው።

ባትሪውን አጠፋ። "ከእኔ ነው" አለ። "ያንን ትልቁን ድንጋይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሱ ጋር ነው የገባው።"

"ድሮስ ካንተ ሌላ ምን ሊመጣ!"

መነጽር ሠሪዋ የያዘችውን ባልዲ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ባለፈው ሰሞን፣ ተባዩ ከድንጋይ ጋር ገብቶ እንደሆን በስልክ ጠይቃው፣ "ድንጋዮቹ ንጹሕ ነበሩ" ብሏት ነበር። አሁን እሷ እየሰማች፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ ሌላ ነገር ይናገራል። እንግዲህ ያኔ ዋሽቷታል ማለት ነው። በዚህ የዋሻት ሰው በሌላውስ? ባሏ በሞተባት በዚያች የባሕር ቀን የሆነውን፣ እሷ ለመጠየቅ እሱም ለመናገር ያልደፈሩትን ነገርስ? እናትየው ሲሉት የኖሩት እውነት ቢሆንስ? የሚል ጥርጣሬ ገባት። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ የእሷ ግን በጆሮዋ ገብቶ ልቧ ላይ እንደ በረዶ ተቀመጠ።

"ጥገና አይበቃውም" አለ ጠላቂው እጅጌውን እየሰበሰበ። "መፍረስ አለበት። ሁሉም ነገር ይወጣል።"

"ሁሉም?" አሉ እናትየው።

"ሁሉም፣ እማማ። ድንጋዩም አሸዋውም። ከነዚህ አበቦች ጥፍር የምታህል ብትቀር እንደገና ይወርሱታል።"

እናትየው ከንፈራቸውን ነከሱ። እነዚያን ድንጋዮች አንድ በአንድ የደረደረው ልጃቸው ነው። "በፈላ ውሃ ብንነክራቸውና መልሰን ብንከታቸውስ?" አሉ። "እኔ ዕድሜ ልኬን ዕቃዬን ያጸዳሁት በፈላ ውሃ ነው፤ አንድ እናት አልተመረዘችብኝም።"

"እንዳያደርጉት! አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ያለው ፍጥረት ሲፈላ እንፋሎቱ መርዝ ነው። የቤቱን ሰው ይጨርሳል።"

"ልጄ መርዝ ነው ሳሎን ውስጥ ያስቀመጠልን?"

"ካላፈሉት ምንም አይል።"

"እንደ አንዳንዱ ሰው" አሉና ተነሡ። የድንጋዩን መውጣት ቆመው ማየት አልቻሉም። ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ሥራው ተጀመረ። በቱቦው ከገንዳው ውሃ ወደ በርሜሎች ሳቡ፤ ማሞቂያና የአየር ፓምፕ አስገቡበት። ዓሦቹን በመረብ ለመያዝ ወገባቸው ተቆረጠ። ብርቱካንማዎቹ እንኳ፣ ታመዋል የተባሉት፣ እንደ ልጅ ድብብቆሽ ከአንዱ ድንጋይ ኋላ ወደ ሌላው ሲሉ አስቸገሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። እሷ ግን "እንካ"፣ "አምጣ"፣ "ያዝ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። መረቡን ስታቀብለው ጣቷ ጣቱን እንዳይነካ ትጠነቀቃለች። እሱም ያየዋል፤ ያያል እንጂ አይናገርም።

ከዚያ ጠላቂው ኮራሎቹን ከድንጋዩ በመሮ እየፈለቀቀ ወደ በረንዳው ወሰደ። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት አድርጎ፣ ሻይ የመሰለ መድኃኒት በተበጠበጠበት ሳህን እየነከረ በጥርስ ብሩሽ ያጥባቸው ጀመር። እሷ ደግሞ ባዶ የቀረው ገንዳ ውስጥ አጎንብሳ አሸዋውን በመጭለፊያ ማውጣቱን ያዘች።

መሃል መሃሉ ደህና ነበር። ከእናትየው ወንበር አጠገብ ወዳለው ጥግ ስትደርስ ግን አሸዋው ጥቁር ሆነ። ግማቱ አፍንጫዋን መታት። በእጇ ፈልፈል አድርጋ አየችው። አሸዋ ብቻ አልነበረም፤ ዓሦቹ ሳይበሉት ታች የወረደ፣ በላይ በላዩ ተደራርቦ የበሰበሰ ምግብ ነበር። በጥቂት ቀን የተጠራቀመ አይደለም። ይህን ያህል ሲሳይ ያገኘ ተባይ ባይረባ ነበር የሚገርመው።

እሷ ለዓሦቹ የምትሰጠው በቀን አንድ ቁንጣሪ ነው። ታዲያ ይሄ...

ማለዳ ማለዳ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና የምትሰማው ድምፅ ትዝ አላት። የማንኪያ ኮሽታ። ቀጥሎም የእናትየው ሹክሹክታ፦ "ብላ የኔ ጌታ፤ ብላ እንጂ። ከስተሃል።"

መጭለፊያውን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ወጣች።

"አሸዋውን አየሁት" አለችው።

የጠላቂው ብሩሽ ቆመ። "እንዳትነግሪያቸው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በስልክ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም። ድንጋዮቹ ንጹሕ ነበሩ ያልኩሽ እውነቴን ነው። ዛሬ ጠዋት ጥጉን ሳየው ነው የገባኝ።" ብሩሹን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈው። "ልጃቸውን ሲያበሉ ነው የኖሩት። ምን ልበላቸው? 'በፍቅርዎ ገደሉት' ልበላቸው? አንዴ ጠልተውኛል። በሞላ ጆንያ ላይ አንድ ፍሬ ቢጨመር ምኑ ይታወቃል?"

"እኔስ?" አለች። "እኔም እኮ ሰማሁህ! እኔም ጠላሁህ። ከጠዋት ጀምሮ ስጠላህ ነው የዋልኩት። እንዴት እንዳደከመኝ ታውቃለህ?"

መነጽሩን አውልቆ አያት። መነጽር ሠሪ ናት፤ በቀን የስንቱን ሰው ዓይን ስታይ ትውላለች። እንዲህ ያለ ዓይን ግን አይታ አታውቅም፤ የሚለምን፣ ግን ምንም የማይጠይቅ።

"አስቤዋለሁ" አላት። "አንቺ እንደምትሰሚ አስቤዋለሁ። የሳቸው ፊት ሲፈርስ ከማይ ግን የኔ ይፍረስ አልኩ።"

"ያ ድንጋይ" አለ ድምፅ ከጀርባቸው፣ "አንተ ያመጣኸው አይደለም።"

ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። እናትየው የበረንዳውን በር መቃን ይዘው ቆመዋል። ምን ያህል እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል።

"ልጄ ነው ያመጣው" አሉ። "ልጠይቀው መጥቼ ሳለ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ሲመጣ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ጠዋት እኔ ነኝ ስትል ውሸትህን እንደሆነ ወዲያው ዐወቅሁ። የማላውቀው ለምን እንደምትዋሽ ነበር። ሰው የሚዋሸው ለራሱ ነው ብዬ ገብቼ ጋደም አልኩ። ሳስበው ሳስበው ግን ላንተ የሚጠቅም ነገር አጣሁበት።" የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። "እኔ ነኝ፤ አይደል? ያበላሸሁት?"

"እማማ..."

"አትዋሸኝ ዛሬ። በቃህ።"

እናትየው ዝግ ብለው መጥተው በረንዳው ላይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። "እንግዲያው የዚያን ቀኑንም ንገረኝ" አሉ። "ያኔ በሰው ፊት የጠየቅሁህ መልስ ፈልጌ አልነበረም። አሁን ፈልጌ ነው።"

መነጽር ሠሪዋም ጠይቃው የማታውቀው ይህንን ነበር።

ጠላቂው ጓንቱን አወለቀ። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስል አያቸው። "ወደ ላይ እየወጣን ነበር" አለ። "ደህና ነበርን። ፀሐይዋ ከውሃው በላይ ትታየን ነበር። ክንዴን ያዘኝ። ዞር ስል እጁን እንዲህ አደረገው።" መዳፉን ዘርግቶ ግራና ቀኝ አወዛወዘው። "ደህና አይደለሁም ማለት ነው። ከዚያ ደረቱን ያዘ። አቅፌው ወጣሁ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው፣ መሬት ላይም ቢሆን አይተርፍም ነበር ብለውኛል። እኔ ግን ያኔ ይሄን አላውቅም። ጀልባዋ እስክትደርስ በጀርባዬ ተንሳፍፌ፣ ደረቴ ላይ አስተኝቼው አወራሁት።"

"አንተ?" አሉ እናትየው። "አንተ አወራህ?"

"በዕድሜዬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ዝም ካልኩ የሚሄድ መሰለኝ። ስለ ገንዳው ነገርኩት። ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው አልኩት። ስለ እርስዎም አወራሁት፤ ልጅ ሆነን ከጓሮዎ ሮማን ስንሰርቅ ጫማ የወረወሩብንን። ያን ጊዜ ፈገግ ያለ መሰለኝ። መስሎኝ ይሁን እውነት ይሁን ግን ለሰው ምዬ አልናገርም። ከዚያ በኋላ... ከዚያ በኋላ እኔ ብቻዬን ሳወራ ቆየሁ።"

ከሳሎን የበርሜሎቹ ፓምፕ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

"ጫማው" አሉ እናትየው ቆይተው፣ "እሱን ስቶ አንተን ነበር ያገኘህ።"

"አዎ። ግንባሬን።"

"ሁልጊዜም የማገኘው አንተን ነው።" ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሆነ። በቀብሩ ዕለት ደረት እየመቱ እንዳለቀሱት አይደለም። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ለቅሶ ነው። ጠላቂው ከፊታቸው ተንበረከከ። እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ፤ ከዚያም ጸጉሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አዋላጅ ናቸው፤ ስንቱን ግንባር ከሁሉ አስቀድመው የዳሰሱ እጆች ናቸው።

እንባቸውን ሲጠርጉ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"ነይ አንቺም። እዚህ ቤት ስመጣ 'ከኔ ጋር ሁኚ' አላልኩሽም። 'ሂጂ፣ ኑሪ' አላልኩሽም። ሁለቱንም ባለማለቴ አሰርኩሽ።"

"እማማ፣ እኔ አልታሰርኩም..."

"አንቺ ደግሞ አትጀምሪ! የዛሬው ውሸት ይበቃናል።" እጃቸውን አወናጨፉ። "በስልክ ስትጻጻፊ እያየሁሽ አይደል የኖርኩት? ከመሸ ገብተሽ ብቻሽን ትስቂያለሽ። ምነው ስልሽ 'ስለ ጨው ነው' ትይኛለሽ። ልጄ፣ ጨው እንዲህ አያስቅም።"

መነጽር ሠሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"አይከፋኝም ብዬ አልዋሽሽም" አሉ እናትየው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይከፋኛል። ልጄ የተቀመጠበት ሌላ ሰው ሲቀመጥ ባየሁ ቁጥር ሊከፋኝ ነው። ግን መከፋቱ የኔ ነው፤ እኔ እችለዋለሁ። ለናንተ አላሸክማችሁም።" ባልዲውን ተደግፈው ተነሡ። "በሉ፣ ኮራሎቹ እንዳይደርቁ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ሥራ ሦስቱም ሠሩት። እናትየው ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው መስታወቱን ፈገፈጉ። የተወረሩት ድንጋዮች ፀሐይ እንዲጨርሳቸው ጣሪያው ላይ ተሰጡ። ጠላቂው በሳጥኑ ያመጣው ንጹሕ ድንጋይ ተደረደረ፤ እናትየው "ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ!" እያሉ አዘዙ። ነጭ አሸዋ ፈሰሰ፤ በላዩ አዲሱ ውሃ ሲገባበት ገንዳው እንደ ወተት ደፈረሰ።

"እስኪጠራ ይቆያል" አለ ጠላቂው። "ዓሦቹ በርሜል ውስጥ መሰንበት አለባቸው።"

"ይሰንብቱ። እኛስ ስንት ዓመት ሰነበትን" አሉ እናትየው፤ ወገባቸውን ይዘው ሊያርፉ ሄዱ።

ሁለቱ ወለሉ ላይ፣ ጀርባቸውን ለሶፋው ሰጥተው ተቀመጡ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በደፈረሰው ውሃ ላይ ተኝታለች። ልብሳቸው ርሷል፤ እጃቸው በጨው ተኮማትሯል።

"ነገ ትሄዳለህ" አለችው።

"ሥራ አለብኝ።" ወደ እሷ ዞረ። "ብትይኝ ግን እመለሳለሁ። ለገንዳው አይደለም።"

ስንት ጊዜ በሐሳቧ የሰማችው ቃል ነበር። በሐሳቧ ሁልጊዜ ሌላ መልስ ነበር የምትሰጠው።

"እፈራለሁ" አለች።

"እኔን?"

"አንተን አይደለም። ደስታውን። ደስ ካለኝ እሱን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው ይመስለኛል። ጠዋት ነቅቼ እሱን ያላሰብኩበት ቀን ቢመጣስ? ያን ቀን እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

ጠላቂው ለማጽናናት አልቸኮለም። "እኔም እፈራለሁ" አላት። "ጠልቄ የማላውቀው ጥልቀት የለም፤ እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም። አንቺን በተመኘሁ ቁጥር ደረቴ ላይ የነበረው የእሱ ክብደት ይመጣብኛል። ይለቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አይለቅም። የሚለቅ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ምን እናደርጋለን?"

"ምን እናደርጋለን፤ አብረን እንፍራዋ።"

ያን ጊዜ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው ፊት እንባ ወጥቷት አያውቅም፤ የእናትየው ለቅሶ ይበልጣል ብላ የራሷን ስትውጥ ነበር የኖረችው። አሁን ማንም እንዳይሰማት ሳትል፣ ትከሻው ላይ ግንባሯን ጥላ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እሱ "አይዞሽ" አላላትም። ጨው የበላውን እጁን በጨው በተኮማተረው እጇ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። በዝምታው ውስጥ ግን አብሯት እንደሚያለቅስ ከትንፋሹ ዐወቀች።

ሲወጣላት ቀና አለች። በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠርጋ አየችው።

"ተመለስ" አለችው።

ሌላ የምትጨምረው ነገር አልነበራትም። ያችን አንዲት ቃል ስንት ዓመት ደረቷ ውስጥ ተሸክማት ኖራ፣ ስትወጣ ግን ትንፋሽ ያህል እንኳ አልከበደቻትም። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እዚያው ነው። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራችው ብቻዋን አልነበረም።